የጓሮዬ ቀይ ስር፦ ከዘሩ እስከ አሸዋው ሳጥን

የመጀመሪያው ዓመት ቀይ ስሬ ቅጠሉ ጉልበቴ ጋ ደርሶ ነበር። በአጥራችን በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያደንቀዋል። እኔም ደስ እያለኝ ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ሳጠጣ ከረምኩ። ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን «እስቲ» ብዬ አንዱን ሳብ ሳደርገው ከአፈሩ የወጣው አውራ ጣቴን የማያህል ቀጭን ስር ነው። ሌላ ነቀልኩ። ያው ነው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ነቀልኩ። ሙሉ መደብ ገልብጬ ለአንድ ቀን በያይነቱ የሚበቃ ቀይ ስር አላገኘሁም። በጣም አዘንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ዘርቻለሁ። ባለፈው ሁዳዴ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ፋሲካ ዋዜማ ድረስ ቀይ ስር ከገበያ አልገዛንም። ስድስት ሰው ነን። ሁሉም የበላው ከዚያችው ጓሮ የወጣውን ነው። በመሀል ያበላሸሁት ብዙ ነው፤ ሌላ ሰው አንድ ወቅት እንዳያባክን ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። የዘር ቆርቆሮው ላይ «ከ55 እስከ 70 ቀን» ተብሎ የተጻፈው እኔ ጋ 100 ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ያልፋል። አዲስ አበባ ወይም ከዚያ ሞቅ ያለ ቦታ ያላችሁ ቀኑን ቀነስ አድርጋችሁ አስቡት። ቀይ ስር ራሱ ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው የሚወደው። ሙቀት ሲበዛበት ስሩን ስትቆርጡት ነጫጭ ቀለበት ይታይበታል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል።

በዚያ በመጀመሪያው ዓመት እማዬ ቅጠሉን አየችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆስጣ ነው የሆነብሽ» አለችኝ። ለካ ከእውነቱ አልራቀችም። ቀይ ስርና ቆስጣ አንድ የእጽዋት ዝርያ ናቸው። ሰው አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለስሩ እየመረጠ ለብዙ ዘመን ስላራባቸው ነው እንዲህ የተለያዩት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ብዙ ነገር ገባኝ። ቀይ ስር ቅጠል ለማብዛት ሰበብ ካገኘ ቅጠሉን ያበዛል። ስሩን የሚያወፍረው ቦታ ሲያገኝና ምግቡ ልክ ሲሆን ነው።

እኔ ደግሞ ሰበቡን በሙሉ ሰጥቼው ነበር። መጀመሪያ ፍግ አበዛሁ። እኛ ጋ የበግ በጠጥ እንደ ልብ ነው። ገና ያልበሰበሰውን በአካፋ እያፈስኩ መደቡ ላይ አለበስኩት። እንዲህ ያለ ትኩስ ፍግ ናይትሮጅኑ ብዙ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ወደ ቅጠል ይሄዳል። ስሩም መንታ ይሆናል፣ ይጠማዘዛል። አሁን በጠጡን ከሰኔ ጀምሬ ከአረምና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር ከምሬ አሰነብተዋለሁ። መስከረም ላይ ጠቁሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ አፈር አፈር ሲል ብቻ ነው የምጠቀምበት። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ይበቃል።

ሁለተኛው ስህተቴ ቦታው ነው። ያ መደብ ዓመቱን ሙሉ ቆስጣ የነበረበት ነው። አንድ ዝርያ ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቅጠሉ ላይ ዳሩ ቀላ ያለ፣ መሀሉ አመድማ የሆነ ክብ ክብ ነጠብጣብ ወጣበት። ይህ ፈንገስ ነው፤ እርጥበት ሲበዛ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ቀይ ስር የምዘራው ባቄላ ወይም ሽንኩርት ከነበረበት መደብ ላይ ነው። ወደ አንዱ መደብ የምመለሰውም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ማሳሳት፣ ማለትም ከተጠጋጉት ቡቃያዎች አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ማስወገድ፣ አልቻልኩም።

የቀይ ስር ዘር ስትገዙ የምታዩት ሸካራ፣ ደረቅ፣ የቡሽ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ነው። ያ አንድ ዘር አይደለም። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዘር አንድ ላይ ተጣብቆ ነው። ስለዚህ አንድ የቀበራችሁ መስሏችሁ ሦስት ቡቃያ ይወጣል። የቱንም ያህል አራርቃችሁ ብትዘሩ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ተክል ተቃቅፎ ነው የሚያድገው። ሦስቱም ስር ማውፈር ይፈልጋሉ፤ ቦታው ግን የአንድ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ይሆናሉ።

ይህን መጀመሪያም ሰምቼዋለሁ። ጎረቤታችን ያሉት አዛውንት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ በአጥሩ በላይ አይተው «ልጄ፣ ይሄን አሳሺው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ለምለም ቡቃያ ነቅሎ መጣል አንጀቴ አልቆርጥ አለ። «ትንሽ ቆይቶ» እያልኩ ቀኑ አለፈ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙልኝ። አሳሱት። በጊዜው አሳሱት።

አሁን ሁለት ዙር አሳሳለሁ። የመጀመሪያው ቡቃያው አራት ጣት ያህል ከፍ ሲል ነው። ከተቃቀፉት መሀል ጠንካራውን አስቀርና ሌሎቹን በትንሽ መቀስ ከአፈሩ ጋር እኩል እቆርጣቸዋለሁ። አልነቅልም። ሲነቀል የሚቀረው ተክል ስሩ ይነቃነቃል። ሁለተኛው ዙር ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ በተክልና በተክል መካከል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አደርጋለሁ። አራት ጣት ጎን ለጎን ሲዘረጋ እንደዚያው ነው፤ ሜትር መያዝ አያስፈልግም። የተቆረጠው አይጣልም። ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቶሎ ሲጠበስ ከቆስጣ ይለሰልሳል። ልጆቼ አሁን የማሳሳቱን ቀን በጉጉት ነው የሚጠብቁት።

ወደ አፈሩ ልመለስ። የኛ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ከያዘ አይለቅም። ቀይ ስር ውሃ የቋጠረ መሬት ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ነው የምሠራው። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ወርዱን ከዚህ አላሰፋውም፤ ከሁለቱም ጎን እጄ መሀሉ መድረስ አለበት። በዶማ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ ድንጋዩን ለቅሜ፣ የበሰበሰውን ፍግና ጥቂት አሸዋ እቀላቅላለሁ። አፈራችሁ ቀይ ከሆነና አሲዳማነት ካለው ደግሞ ቀይ ስር አይወደውም፤ በጣም ይቀጭጫል። ያኔ ከመዝራት ቀደም ብሎ ጥቂት የእንጨት አመድ መነስነስ ይረዳል። እፍኝ ሁለት እፍኝ ለካሬ ሜትር፣ ከዚያ በላይ አይሁን።

ዘሩን ለአንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ይህ መብቀሉን ያፈጥነዋል። ጠዋት አጥልዬ እዘራለሁ። አራት መስመር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 25 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ዋልካ ላይ የሚያስቸግረው ከላይ የሚፈጠረው ቅርፊት ነው፤ ቡቃያው ሰብሮት መውጣት ያቅተዋል። ለዚህ መፍትሔው መስመሩን በራሱ አፈር አለመሸፈን ነው። በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ በእሱ ነው የምሸፍነው። ከላይ ስስ ጭድ እጎዘጉዝና ልክ መብቀል ሲጀምር አነሳዋለሁ። እኛ ጋ በ12ኛው ቀን ገደማ ይበቅላል።

ስለ ዘር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ከአንድ ሱቅ በቁንጥር የሚሸጥ ዘር ገዛሁ። ቆርቆሮው ከተከፈተ ስንት ጊዜው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከመደቡ ሲሶው እንኳ አልበቀለም። አሁን ከመዝራቴ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጣለሁ። ከሰባት በላይ ካልበቀለ ሌላ እገዛለሁ። ዘሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል። እኔ የምዘራው «ዲትሮይት ዳርክ ሬድ» የሚባለውን ነው፤ ክብ፣ ጥቁር ቀይ፣ የታወቀ ዓይነት ነው።

ጊዜውን የምቆጥረው ከሁዳዴ ወደኋላ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው የካቲት ውስጥ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ብዘራ ሁሉም በአንድ ቀን ይደርሳል፣ ግማሹ ይደርቅብኛል። ስለዚህ በሦስት እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያውን መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሁለተኛውን ጥቅምት አጋማሽ፣ ሦስተኛውን ኅዳር መግቢያ ላይ እዘራለሁ። የመጀመሪያው ጥር ውስጥ ይደርሳል፤ እሱ ነው እንዲቆይ አሸዋ በተሞላ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው። ክረምት ላይም ሞክሬ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ያለማቋረጥ ስለሚወርድ ያ የቅጠል ነጠብጣብ ጨረሰው። ደጋ ላይ ዋልካ መሬት ላላችሁ ክረምቱን አልመክርም።

ብዙ ሰው ውርጩን ይፈራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስንነሳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። አጠገቡ ያለው ድንች በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሞተ። ቀይ ስሩ ግን ቅጠሉ ተኝቶ ያድርና ፀሐይ ሞቅ ስትል ቀና ይላል። ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል። ትንሹን ቡቃያ ግን ማታ ማታ በጭድ ወይም በአሮጌ ጆንያ ሸፈን ማድረግ ጥሩ ነው።

ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠለቅ አድርጌ አጠጣለሁ። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በርሜል ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ቡቃያ እያለ በሃይላንድ ነው የማጠጣው፤ ክዳኑን በምስማር በሳስቼ። ዋናው እኩል ማጠጣት ነው። ሁለት ሳምንት አስጠምቶ ከዚያ መደቡን ማጥለቅለቅ ስሩን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ደግሞ አይቀመጥም። ጭዱን በመስመሮቹ መሀል መልሼ ስጎዘጉዘው ውሃው በግማሽ ቀነሰልኝ፤ አረሙም አልተቸገርኩበትም።

ከተባይ በኩል ሁለት ጠላት አሉኝ። አንዱ ቆራጭ ትል ነው። ማታ ደህና የነበረ ቡቃያ ጠዋት በመቀስ እንደተቆረጠ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ወዲያው የወደቀው ተክል ዙሪያ አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉ። ተጠቅልሎ የተኛ ወፍራም ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። በእጅ ለቅሞ መግደል ለጓሮ ይበቃል፤ መድኃኒት አልረጨሁም። ሁለተኛው ፍልፈል ነው። ይኼኛው ልብ ይሰብራል። ከላይ ቅጠሉ ቆሞ ይታያል፤ ስትነኩት ብድግ ብሎ ይመጣል። ስሩ ተበልቶ አልቋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ መስመር 11 አጣሁ። አባባ መጥተው የአፈር ክምሩን አዩና፣ የመተላለፊያውን አቅጣጫ በእንጨት እየወጉ አገኙት። ወጥመድ አጠመዱለት። በሁለተኛው ቀን ተያዘ። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ስላቸው «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ መደቡን ሲሠሩ ከሥር የሽቦ ወንፊት ማንጠፍ ነው» አሉኝ። አንጥፌያለሁ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ግን አንዴ የሚወጣ ነው።

ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ ብሉ፤ ግን ከአንድ ተክል ከዳር ሁለት ቅጠል ብቻ። ስሩን የሚቀልበው ቅጠሉ ነው።

አሁን ወደ መንቀሉ። ስሩ ትከሻው ከአፈሩ ብቅ ስለሚል መጠኑን ሳትነቅሉ ታያላችሁ። እኔ የምነቅለው ከሎሚ ተለቅ፣ ከብርቱካን አነስ ሲል ነው። ያኔ ጣፋጭና ለስላሳ ነው። «ትንሽ ይወፍር» ብሎ መተው ያጓጓል። አንድ ዓመት ተውኩት። የጨቅላ ጭንቅላት የሚያክል ሆነ። ሲቀቀል ግን መሀሉ እንጨት እንጨት አለ።

አነቃቀሉ ራሱ የማስቀመጡ መጀመሪያ ነው። ከመንቀሌ ሦስት አራት ቀን በፊት ውሃ አቆማለሁ። ስሩን በጎን በመኮትኮቻ አላልቼ በእጄ አነሳዋለሁ እንጂ ቅጠሉን ይዤ አልጎትትም። አፈሩን በእጄ አራግፋለሁ፤ አላጥበውም። ቅጠሉን በእጄ ጠምዝዤ እቆርጠዋለሁ፤ ግን ከስሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ግንድ አስቀራለሁ። የታችኛውን ጭራ አልነካውም። ለምን መሰላችሁ? ቀይ ስር ቀለሙና ጣዕሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፤ የተቆረጠ ቦታ ካለ በዚያ በኩል ይፈሳል፣ ሻጋታም በዚያው ይገባል። ቅጠሉን ሳይቆርጡ መተው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ቅጠሉ እርጥበቱን ከስሩ እየሳበ በሁለት ቀን ያጠወልገዋል።

ካወጣሁ በኋላ ጥላ ሥር ለግማሽ ቀን አሰጣዋለሁ። ከዚያ እለያለሁ። ዶማ የነካው፣ የተሰነጠቀ፣ ትል የቀመሰው፣ በጣም ትንሹ በዚያው ሳምንት ይበላል። ንጹሑ ብቻ ወደ ማስቀመጫው ይገባል። እዚህ ላይ መራራት አያስፈልግም። አንድ የቆሰለ ስር አጠገቡ ያሉትን ያበሰብሳል።

ማስቀመጡን በሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ በፌስታል አስሬ ጓዳ አስቀመጥኩት። በአሥር ቀን ውስጥ ፌስታሉ ውስጡ አላበው፣ ስሩ ነጭ ሻጋታ ለበሰ። ቀጥሎ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥቼ ሳጥን ውስጥ ቀበርኩት። ሰጋቱራው ደረቅ ስለነበር እርጥበቱን መጠጠው። በሦስት ሳምንት ቆዳው ተሸበሸበ፣ ሲጫኑት እንደ ላስቲክ ይታጠፍ ነበር። አልተበላሸም፤ ግን ጣዕሙ ሄዷል።

ሦስተኛው አሸዋ ነው። እሱን አገኘሁና ተገላገልኩ። ቀይ ስር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜና እርጥብ አየር። የሚመቸው ሙቀት ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ፍሪጅ ማለት ነው። የኔ ጓዳ እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ግን በሰሜን በኩል ስላለ ፀሐይ አያገኘውም፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። እርጥበቱን ደግሞ አሸዋው ይሰጠዋል። የተነፋ አሸዋ ወስዳችሁ ውሃ እየረጫችሁ አሹት። በጭብጣችሁ ስትጨብጡት ቅርጹን መያዝ አለበት፤ በጣታችሁ መሀል ግን ውሃ መንጠብ የለበትም። ከነጠበ በዝቷል፣ ትንሽ አድርቁት። የቲማቲም የእንጨት ሳጥን ውስጡን በካርቶን ሸፍኜ፣ ከታች ሦስት ጣት አሸዋ አፈሳለሁ። ቀይ ስሩን ግንዱን ወደ ላይ አድርጌ እደረድራለሁ። እርስ በርስ እንዳይነካካ። ከላይ አሸዋ፣ እንደገና ቀይ ስር፣ እንደገና አሸዋ። ከሦስት ድርድር አላሳልፍም። ሳጥኑን ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጬ አፉን በሽቦ ወንፊት እሸፍነዋለሁ፤ አይጥ ቀይ ስር ትወዳለች።

በየአሥር ቀኑ ከዳር ከዳር አንድ ሁለት እያወጣሁ አያለሁ። አሸዋው ከደረቀ በእጄ ውሃ እረጫለሁ። የለሰለሰ ካገኘሁ አወጣለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ቆይቶልኛል። ባለፈው ዓመት ከመጀመሪያው ዙር 130 ስር ነቅዬ በሚዛን 17 ኪሎ ወጣው። ወደ ሳጥን የገቡት 90 ናቸው። ከእነሱ የተበላሹብኝ ሰባት ብቻ ናቸው።

ሞቅ ያለ ከተማ ያላችሁ ወይም ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አሸዋውን ተዉትና በፍሪጅ ተጠቀሙ። እንደዚሁ ሳታጥቡ፣ ግንዱን አስቀርታችሁ፣ የተበሳሳ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ በታችኛው የአትክልት መሳቢያ አስቀምጡት። ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። ቀቅሎ፣ ልጦ፣ ቆራርጦ ፍሪዘር ማስገባትም ይቻላል። አቼቶ ውስጥ ያስቀመጥኩትም ጥሩ ሆኖልኛል፤ ግን እኛ ቤት በሎሚ የተሠራውን ስለሚመርጡ ብዙ አልሠራም። መደቡ ላይ ሳይነቀል ማቆየትም ለሦስት ሳምንት ያህል ይሆናል፤ በጋ ስለሆነ አይበሰብስም። ከዚያ በላይ ግን እንጨት ይሆናል።

ስትቀቅሉት ከነልጣጩ፣ ከነጭራው ቀቅሉት። ከበሰለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በእጃችሁ ስታሹት ልጣጩ ራሱ ይለቃል። ከፍታ ላይ ላለን ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው «45 ደቂቃ» ሲላችሁ አትመኑ። እኔ ጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በፕሬዠር ከሆነ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ድንች፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይት። ድንቹን መጨረሻ ላይ ቀላቅሉት፤ አለዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ይሆናል።

አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ከሽንት ቤት እያለቀሰ ወጣ። ሽንቱ ቀይ ሆኖ አይቶ ነው። እኔም ደነገጥኩ። ቀይ ስር የበላ አንዳንድ ሰው ላይ ቀለሙ እንዲህ ይወጣል፤ ጉዳት የለውም። ቀይ ስር ሳትበሉ እንዲህ ካያችሁ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ቀይ ስር ደግሞ ኦክሳሌት የሚባል፣ ጠጠር ሊያባብስ የሚችል ንጥረ ነገር ስላለው የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ባያበዛው ይሻላል፤ በተለይ ቅጠሉን። «ደም ይሆናል» የሚባለውን እኔም ስሰማ ነው ያደግኩት። ቀለሙ ግን ከብረት አይደለም የመጣው። ብረት ለጎደለው ሰው ምስር በእጅጉ ይበልጣል። ደም ማነስ አለብሽ የተባለች ጓደኛዬ ቀይ ስር ብቻ እየበላች ወራት አሳልፋለች፤ ስለዚህ ነው የማነሳው።

ሚያዝያ ላይ ሳጥኑን ሳራግፍ ከታች አምስት ስር አቆጥቁጠው አገኘኋቸው። ሊጣሉ ሲሉ አባባ «ትከያቸው፣ ዘር ይሰጡሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀይ ስር በመጀመሪያ ዓመቱ ስር ያወፍራል፣ ብርድ ካሳለፈ በኋላ በሁለተኛው ያብባል። አምስቱንም ተከልኳቸው። አሁን ግንዳቸው ወገቤ ጋ ደርሷል፤ ጥቃቅን አረንጓዴ አበባ ይዘዋል። ብናኙን ነፋስ ስለሚወስደው ከአጥሩ ማዶ ያበበ ቆስጣ ካለ ይዳቀላል፣ ዘሩም ቀይ ስር መሆኑ ያጠራጥራል። አባባ ይህን ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ገቡ። ማታ ብቅ ስል አበባ ሊያወጣ የነበረውን ቆስጣቸውን ቆርጠው ለበጎቻቸው ሰጥተውታል።